ከአንደበት እስከ እጅ

ሙሉጌታ ሥራው የተገደለው በቤዝቦል ዱላ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ ቦታው በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት የፖርትላንድ ከተማ ነበር። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደውን የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ድረስ ሸኝተውት ሲሰነባበቱ፣ ራሳቸውን ተላጭተው በነጭ ዘር የበላይነት የሚምሉ ሦስት ስኪንሄዶች ደረሱባቸው። አንዱ ሙሉጌታን ጭንቅላቱን በዱላ መታው። ገዳዮቹ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ወኅኒ ወረዱ። የወንጀል ሕጉ ሥራውን ሠርቷል።

ዱላውን ያስነሳው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም። ከፖርትላንድ እጅግ ርቃ በምትገኘው በደቡብ ካሊፎርኒያዋ ፎልብሩክ ቶም ሜትዝገር የሚባል ሰው ይኖር ነበር። መተዳደሪያው ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ከሥራው ሌላ ‹ዋይት አርያን ሬዚስታንስ› የሚባል ድርጅት ይመራል፤ ጋዜጣ ያሳትማል፤ በኬብል ቴሌቪዥን ፕሮግራም ያቀርባል፤ ጥቁሩንና አይሁዱን የነጭ ዘር ጠላት አድርጎ ይሰብካል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ያን ጊዜም አልከለከለውም፣ ዛሬም አይከለክልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1969 በብራንደንበርግ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ለአመፅ የሚገፋፋ ንግግር ሊያስቀጣ የሚችለው ወዲያውኑ ሕገወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ ታስቦ ሲነገርና ያንን የማስከተል ዕድሉም የቀረበ ሲሆን ብቻ ነው ብሏል። ባለጉዳዩ የኩ ክለክስ ክላን መሪ ነበር፤ ኦሃዮ ውስጥ በአንድ እርሻ ላይ ካሜራ ፊት ቆሞ የዛተ ሰው፤ የተፈረደበት ቅጣት ተሻረለት።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990 ሜትዝገር በፖርትላንድ ፍርድ ቤት ቀረበ። የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ሳይሆን የሙሉጌታ ቤተሰብ ነው። አጎቱ የሟቹን ውርስ ወክለው፣ ጠበቃው ሞሪስ ዲስ ደግሞ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለውን ድርጅት ይዞ የካሣ ክስ መሠረቱ። ክሱ ‹ይህ ሰው ዘረኛ ነው› የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ሳይሰማ ውድቅ ይሆን ነበር። የቀረበው ማስረጃ ሌላ ነው። ሜትዝገርና ልጁ ጆን አንድ ወጣት መልእክተኛ ወደ ፖርትላንድ ልከዋል፤ የከተማዋ ስኪንሄዶች እንዲቀበሉት ጆን በደብዳቤ አስተዋውቆታል፤ መልእክተኛውም ከቡድኑ ጋር ተቀምጦ እንዴት ሰው እንደሚመለመልና እንዴት ጥቃት እንደሚፈጸም አስተምሯል። ያው መልእክተኛ በኋላ ምስክር ሆኖ ቀርቦ የተላከበትን ጉዳይ ተናገረ። የጁሪው አባላት በተከሳሾቹ ላይ በጠቅላላው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ ሜትዝገር ቤቱን አጣ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርዱን አጸናው። ሜትዝገር ከዚያ በኋላም መናገሩን አላቆመም፤ አፉን የዘጋው የለም። ያስከፈለው የላከው ሰውና ያስተማረው ነገር ነው።

ስለ ዘረኛ ንግግር ስንከራከር ብዙ ጊዜ ሁለት ጎራ እንለያለን። አንደኛው ‹ቃል ይገድላል፣ ይከልከል› ይላል፤ ሌላው ‹ቃል ቃል ነው፣ ይተው›። ሁለቱም የሚያዩት ቃሉን ነጥለው ነው፤ የሚመዝኑትም ምን ያህል እንደሚከፋ ነው። በፖርትላንድ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ከዚያ አንደበት እስከዚህ እጅ የሚደርስ ክር አለ ወይ? ካለስ ማን ፈተለው? እኔ በዚህ ሐተታ የምሟገተው ለዚህ ጥያቄ ነው። የጥላቻ ንግግር ሕግ ፍትሐዊ የሚሆነው ክሩን ሲፈልግና በማስረጃ ሲያሳይ ነው። የቃሉን ክፋት ብቻ መዝኖ የሚቀጣ ሕግ፣ ዛሬ የምንጠላውን ሰው ቢቀጣልንም፣ ነገ የሰውን ልብ አነበብኩ ለሚል ባለሥልጣን መሣሪያ ይሆናል። ጥላቻ የልብ ነገር ነውና፣ ልቡ ንጹሕ መሆኑን በፍርድ ቤት ማስረዳት የሚችል ሰው የለም።

የፖርትላንዱ ፍርድ ግን እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ሜትዝገር ጠበቃ ሳያቆም ራሱ ነው የተከራከረው። ጁሪው ስለ መልእክተኛው ከሰማው ማስረጃ ጎን ለጎን የሰውየውን የጥላቻ ስብከትም አይቷል፤ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ የወሰኑት ክሩን አይተው ነው ወይስ ስብከቱ አንገፍግፏቸው? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። መልእክተኛ የላከ ሁሉ፣ መልእክተኛው ያስተማራቸው ሰዎች ከሳምንታት በኋላ በአንድ ሌሊት ግጭት ለሠሩት ነፍስ ግድያ ተጠያቂ ይሁን ከተባለ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪውም የተማሪ ንቅናቄ አስተባባሪውም አንድ ቀን በዚሁ መንገድ ሊያዝ ይችላል። ይህን ስጋት ቀላል አድርጌ አላየውም። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩ የተካሄደው በሚቆጠርና በሚመረመር ነገር ላይ ነበር። ደብዳቤው ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? መልእክተኛው ጥቃት አስተምሯል ወይስ አላስተማረም? በእነዚህ ላይ ተከሳሹ ማስተባበያ ማቅረብ ይችል ነበር።

ይህ ዓይነት አስተሳሰብ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አለው። እህል ነጋዴዎች ድሃውን በረሃብ የሚፈጁ ናቸው የሚል ሐሳብ በጋዜጣ ቢወጣ ሊነካ አይገባም፤ ያው ሐሳብ ግን በነጋዴው ደጃፍ ተሰብስቦ ለተቆጣ ሕዝብ በቃል ቢነገር ሊያስቀጣ ይችላል ይላል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው ማን እንደሚሰማው፣ የትና መቼ እንደሚነገር ነው። ምሳሌው ለእኛ ሩቅ አይደለም። እህል በተወደደ ቁጥር ነጋዴ ሲረገም ሰምተናል፤ ነጋዴው ‹መጤ› የተባለ እንደሆነ እርግማኑ የሱቅ በር እስከ መስበር እንደሚደርስም እናውቃለን። ረጋሚው ሁሉ ወንጀለኛ ነው ብንል ግማሹ አገር ይታሰራል። ማንም ወንጀለኛ አይደለም ብንል ደግሞ በተቆጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ‹ያ ሱቅ የእገሌ ነው› ብሎ የጠቆመውን ሰው ልንለቀው ነው።

የሚልን ምሳሌ በእውነተኛ ፍርድ ቤት ያየሁት በአሩሻ መዝገብ ላይ ነው። ሲሞን ቢኪንዲ ሩዋንዳ ውስጥ የታወቀ ዘፋኝ ነበር። ዘፈኖቹ የሁቱን አንድነት የሚያወድሱ፣ ታሪክን በዚያ ዓይን የሚተርኩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1994ቱ እልቂት ወቅትም አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ደጋግሞ ያጫውታቸው ነበር። አሩሻ በዋለው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ሲከሰስ ዋናው መነጋገሪያ ዘፈኖቹ ነበሩ። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 የሰጡት ፍርድ ግን ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ዘፈኖቹ ለጥላቻ ቅስቀሳ መዋላቸውን ተቀበሉ፤ ቢኪንዲ ግን ሲደርሳቸው ለዘር ማጥፋት ብሎ ስለመድረሱ ማስረጃ አልበቃቸውም። ጥፋተኛ ያሉት በሌላ ነገር ነው። በጁን 1994 መጨረሻ፣ ድምፅ ማጉያ በተገጠመለት መኪና ሆኖ በኪቩሙና በካዮቬ መካከል ባለው መንገድ ሲያልፍ፣ መንገድ ዳር ለቆሙት ሰዎች ቱትሲዎችን እንዲፈጁ ተናግሯል። ለዚህ 15 ዓመት ተፈረደበት። ዘፈኑን ሚሊዮኖች ሰምተውት ይሆናል፤ የድምፅ ማጉያውን ቃል የሰሙት የአንድ መንገድ ሰዎች ናቸው። ሕግ የያዘው ሁለተኛውን ነው፤ የሰሙት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመዋል፣ ግድያው እየተካሄደ ነው፣ የተነገራቸውም ምን እንዲያደርጉ ነው።

በዚያው ፍርድ ቤት የአርቲኤልኤም መሥራቾችና የካንጉራ ጋዜጣ ባለቤት የተከሰሱበት መዝገብም እንዲሁ ነው። የሥር ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከባድ ፍርድ ሰጠ። የይግባኝ ችሎቱ በኖቬምበር 2007 ነገሩን በጥንቃቄ ለየ። ሬዲዮው ከኤፕሪል 6 ቀን 1994 በፊት ያስተላለፈው ጥላቻ የቱንም ያህል የከፋ ቢሆን፣ በቀጥታና በአደባባይ ለዘር ማጥፋት መቀስቀስ ነው ለማለት አልበቃም፤ እልቂቱ ከጀመረ በኋላ ካስተላለፈው አንዳንዱ ግን ነው። ብዙ ሰዎች በዚህ ፍርድ ተቆጥተዋል፤ እሳቱ የተያያዘው ከዚያ በፊት በተቆለለው ማገዶ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን ማገዶ የሚቆልለውን ሁሉ በዘር ማጥፋት መቅጣት ከጀመርን ወዴት እንደምንሄድ እዚያው አሩሻ ውስጥ፣ በሌላ ፍርድ ቤት ታይቷል።

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም መቀመጫው አሩሻ ነው። ሩዋንዳ ከእልቂቱ ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ‹የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለም›ን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ሕጉን ያወጡትን ሰዎች ፍርሃት እረዳለሁ፤ በአንድ መቶ ቀን ውስጥ ያን ሁሉ ሰው የቀበረ አገር ቃልን ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የሕጉ አነጋገር የላላ ነበር፤ ከላላ ሕግ ደግሞ የሚጠቀመው ሥልጣን ላይ ያለው ነው። ተቃዋሚዋ ቪክቷር ኢንጋቢሬ በጃኑዋሪ 2010 ከውጭ ተመልሳ በኪጋሊ ጊሶዚ መታሰቢያ ቆማ፣ የተገደሉ ሁቱዎችም ሊታሰቡ ይገባል የሚል ንግግር አደረገች። ንግግሩን አለመውደድ ይቻላል፤ በዚያ ቦታ፣ በዚያ መቃብር ፊት መነገሩ ልብ የሚያቆስለው ሰውም አለ። በዚህና በሌሎች ክሶች መጀመሪያ 8 ዓመት፣ በይግባኝ 15 ዓመት ተፈረደባት። የአፍሪካው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ሩዋንዳ የኢንጋቢሬን ሐሳብን የመግለጽ መብት ጥሳለች ብሎ ወሰነ። ሩዋንዳ ከዚያ ቀደም ብላ፣ በ2016፣ ግለሰቦች ፍርድ ቤቱ ፊት በቀጥታ እንዲከሷት የፈቀደችበትን መግለጫ አንስታ ነበር።

ሁለቱ ፍርድ ቤቶች የሚቃረኑ አይመስለኝም። አንደኛው መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎችን እንዲፈጁ የነገረውን ያዘ፤ ሁለተኛው በመታሰቢያ ስፍራ የማይወደድ ነገር የተናገረችውን አትንኩ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቁስሉ ጥልቀት አይደለም፤ ቁስሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ክሩ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6 ሁለት ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። በመጀመሪያ፣ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው አስተሳሰባዊ ውጤት ምክንያት ሊገታ አይገባም ይላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይርቅ ደግሞ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎች በሕግ የሚከለከሉ እንደሚሆኑ ይደነግጋል። ብዙ አንባቢ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጦታል ብሎ ያልፋል። እኔ ሁለቱን አብሮ ማንበብ የሚቻል ይመስለኛል። የመጀመሪያው ስለ ሐሳብ ነው፤ ስለ ታሪክ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ማንነት ማንም የመሰለውን ይበል። ሁለተኛው ሰው ላይ ስለሚፈጸም ነገር ነው፤ አንድን ወገን ከሰው ተራ አውጥቶ መጥፋት ያለበት ነገር ማድረግ። ‹ሰብአዊ ክብር› የሚለውን ሐረግ ቅር ያሰኘንን ሁሉ እንዲሸከም ካደረግነው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ሕገ መንግሥት ባዶ ቃል ጻፈ ብሎ መተርጎም ደግሞ የሕግ አተረጓጎም ወግ አይደለም።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በዚህ መለኪያ ሲታይ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ትርጉሙ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ በአንድ ሰው ወይም ቡድን ላይ ሆነ ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ይይዛል። ጥቃትና መድልዎ ድርጊቶች ናቸው፤ ይታያሉ፣ ይመሰከርባቸዋል። ጥላቻ ግን ስሜት ነው፤ እዚያ ከሁለቱ ጎን እኩል ተሰልፏል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 20 ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው፤ እንዲከለከል የሚያዘው የጥላቻ ስብከት ለመድልዎ፣ ለጠላትነት ወይም ለኃይል ድርጊት ቅስቀሳ እስከ መሆን ሲደርስ ነው። በእኛው አዋጅ የጥላቻ ንግግር ብቻውን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ማለትም ከአንደበት እስከ እጅ ያለው ክር ወንጀሉ ራሱ መሆን ሲገባው ቅጣት ማክበጃ ሆኗል። አዋጁ ለትምህርትና ምርምር፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለሃይማኖት ትምህርት በር ከፍቷል፤ ይህ በጎ ነው። ግን የበሩን ቁልፍ የያዘው መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተከሳሹ በሩ ጋ የሚደርሰው ታስሮ ነው።

አዋጁ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለ ኮቪድ መቃብር ዝግጅት መረጃ አሰራጨ የተባለ ጋዜጠኛ በዚሁ አዋጅ ተከሰሰ። ያ ክስ በሐሰተኛ መረጃው በኩል የመጣ ነው፤ ቢሆንም ሕጉን መጀመሪያ የሚያነሳው እጅ በማን ላይ እንደሚያነሳው ያመለክታል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው አዋጅ ዘመን፣ በሰሜኑ ጦርነት ወራት፣ ሕዝብን በጅምላ ከሰው ተራ የሚያወጣ ንግግር ከመድረክና ከስክሪን ሲወርድ ሰምተናል፤ ከየወገኑ። ተናጋሪው ባለሥልጣን ወይም ባለ ጦር ሲሆን ሕጉ ዝም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ስድስት መመዘኛዎች አሉ፤ ዐውዱ፣ ተናጋሪው፣ የተናገረበት ዓላማ፣ የንግግሩ ይዘትና ቅርጽ፣ ስርጭቱ፣ ጉዳት የማስከተል ዕድሉ። ከእነዚህ ለእኛ አገር ዋናው ሁለተኛው ይመስለኛል። የቀበሌ ሊቀመንበር ‹እነዚያን ልዩ› ሲልና ሥራ ያጣ ወጣት ፌስቡክ ላይ ሲሳደብ እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ቃል ዝርዝርና ማኅተም አለው።

እስካሁን ያልኩትን የሚፈትን አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። ጄረሚ ዋልድረን የተባለው የሕግ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ የጥላቻ ንግግር ጉዳቱ ግድያ እስኪመጣ አይጠብቅም ይላል። ዜጋ ከቤቱ ሲወጣ ‹እኔም ከሌላው እኩል ነኝ፣ ማንም አይነካኝም› የሚል መተማመን ሊኖረው ይገባል፤ ንግግሩ የሚያፈርሰው ያንን መተማመን ነው።

አንዲት ሴት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣለች እንበል። ስልኳ ይጠራል፤ እናቷ ናት። ብታነሳው በእናቷ ቋንቋ መመለስ አለባት። ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው በዓይኗ ጥግ ታያለች፤ ረዳቱ ሬዲዮው ላይ የሚናገረውን ሰው እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ስልኩን ድምፁን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። የመታት የለም፣ የሰደባት የለም። የእኔ ክር እዚህ አይገኝም፤ ጉዳቱ ግን ተፈጽሟል። ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ስልክ ያጠፉ ብዙ ናቸው፤ በሌሎች ከተሞች የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎችም እንዲሁ አድርገዋል።

ታዲያ ለዚህች ሴት ሕጉ ምን አለው? ከዋልድረን ጋር እስከ መንገዱ አጋማሽ እሄዳለሁ። ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ ‹ቃል ነው፣ ይለፍሽ› የሚላት ሰው ከጎኗ ተቀምጦ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ግን የምጠይቀው የፈራችው ምኑን ነው ብዬ ነው። ሬዲዮው ላይ የሚናገረውን ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው መታሰሩ በረዳት ነበር። እሷ የፈራችው ከጎኗ ያለው ሰው ቢነሳባት፣ ረዳቱ ቢያስወርዳት፣ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም አይቶ የሚቀበላት እንደሌለ ስለምታውቅ ነው። መተማመኗን ያፈረሰው ንግግሩና ከንግግሩ ጀርባ ያለው ዝምታ አብረው ናቸው። ያንን ዝምታ በንግግር ሕግ መስበር አይቻልም። የሚሰብረው ቤት በብሔሩ ምክንያት የተከለከለ ተከራይ ከሶ ሲረታ፣ በስሙ ምክንያት ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ በጅምላ የታሰረ ሰው ካሣ ሲያገኝ፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ስለ እሷ ወገን የሚናገሩበት ቋንቋ በቀጥታ ተጠያቂነት ሲኖርበት ነው። እነዚህ ሁሉ ድርጊትን የሚይዙ ሕጎች ናቸው፤ ከንግግር ሕግ ይልቅ አሰልቺና አድካሚ ናቸው፤ ለፖለቲከኛም ጭብጨባ አያመጡም። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ተሳዳቢ ብቻ የሚያስር መንግሥት ለዚያች ሴት አንዳች አላደረገላትም ባይ ነኝ። ይህን ስል ዋጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ አልዘነጋሁም። በእኔ መንገድ ብዙ ጸያፍ ንግግር ሳይቀጣ ያልፋል፤ የሚሸከመው የሚሰደበው ወገን ነው። ስለዚህም ነው ሌላው ከለላ ሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ለእሱ የሚሆነው።

ከሌላው ወገን ደግሞ ጀርመንን የሚያነሱ አሉ። የዌይማር ሪፐብሊክ ፍርድ ቤቶች የ‹ዴር ሽቱርመር› አዘጋጅ ዩሊየስ ሽትራይኸርን ከአንድ ጊዜ በላይ ቀጥተውታል፤ ናዚዎች ግን ሥልጣን ያዙ፤ ስለዚህ ክልከላ ከንቱ ነው ይላሉ። ይህ መደምደሚያ ይቸኩላል። ዌይማር የወደቀው በብዙ ነገር ነው፤ የአንድ ጋዜጣ ቅጣት ያድነው ነበር ወይም አላዳነውም ብሎ መፍረድ አይቻልም።

የሚበልጠው ፈተና የመጣው በኪሳችን ነው። ሚል ጋዜጣውንና በነጋዴው ደጃፍ የተሰበሰበውን ሕዝብ ሲለይ፣ በሁለቱ መካከል ጊዜና ርቀት ስላለ ነው፤ ጋዜጣ አንብቦ የተናደደ ሰው ደጃፉ እስኪደርስ ንዴቱ ሊበርድ ይችላል። ስልክ ያንን ርቀት አጥፍቶታል። ጽሑፉ ሲወጣ አንባቢው ያው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ፎቶውም አድራሻውም አብሮ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስማቸውን፣ ፎቷቸውንና የሥራ ቦታቸውን የያዙ፣ የሚያነሳሱ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጩ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹን አስቀድሞ ለፌስቡክ ሪፖርት አድርጎ እንደነበርና ከኩባንያው መልስ ያገኘው አባቱ ከተገደሉ በኋላ እንደሆነ ለፍርድ ቤት ባቀረበው አቤቱታ ገልጿል። አዋጅ 1185 ያን ጊዜ ከወጣ ከዓመት ተኩል በላይ ሆኖታል። ኩባንያዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው እንዲህ ያለውን ይዘት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱም ይጠይቃል።

ጉዳዩ የተያዘው ናይሮቢ ነው። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በዲሴምበር 2022 እ.ኤ.አ. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ኩባንያው ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ፤ በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ከሳሾቹ የሚጠይቁት ከካሣ ያልፋል፤ ይዘትን መርጦ ወደ ሰው ዓይን የሚያቀርበው አልጎሪዝም አሠራሩ እንዲለወጥ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ነው የፖርትላንዱ ጥያቄ እንደገና የሚያስፈልገው። ጽሑፎቹን የጻፉት ሰዎች በየራሳቸው ሊጠየቁ ይገባል፤ ስምና ሥራ ቦታ ጽፎ ሕዝብ ማነሳሳት ከቢኪንዲ ድምፅ ማጉያ አይተናነስም። ኩባንያው ግን ‹እኔ አልተናገርኩም› ሊል ይችላል፤ ሜትዝገርም ዱላውን አልያዘም ነበር። ሜትዝገርን ያስያዘው የላከው ሰው ነው። ኩባንያው ጽሑፉን ለማን እንደሚያሳይ ይመርጣል፤ ብዙ የሚያናድደውን ወደ ላይ ማውጣት ከንግዱ ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑም በክርክሩ ውስጥ አለ። መምረጥ ደግሞ ድርጊት ነው። እንደ ደብዳቤው ሁሉ ተመዝግቦ የሚቀመጥ፣ የሚመረመርና ማስተባበያ የሚቀርብበት ድርጊት ነው። ስለዚህ የናይሮቢ ዳኞች ስለ ጽሑፉ ክፋት ረጅም ክርክር መስማት አያስፈልጋቸውም። በአማርኛ የተጻፈውን ሪፖርት አንብቦ የሚወስን ስንት ሰው ተመድቦ ነበር? ጥቆማው ማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ተቀመጠ? በጥቆማውና በጥይቱ መካከል በነበሩት ቀናት ያ ጽሑፍ ለስንት የባሕር ዳር ነዋሪ፣ በየትኛው ስሌት ቀረበ? ይህ ሁሉ በኩባንያው መዝገብ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነው፤ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ያስቀርብ።